ጓንት አጥልቃ ነበር

ነገሩ የሆነው ኦገስት 14 ቀን 1996 ነው። በእኛ ነሐሴ 8 ቀን 1988 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እየመነዘርኩ አላደክማችሁም።) ቦታው አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ ዳርትማውዝ ኮሌጅ። ካረን ዌተርሃን የምትባል የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ከትንሽ ብልቃጥ ወደ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ፈሳሽ እየቀዳች ነበር።

ጀማሪ አይደለችም። መርዛማ ብረቶች በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ስታጠና የኖረች ሴት ናት። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጋለች። እጇ ላይ ሐኪም ቤት የምናየው ዓይነት የላቴክስ ጓንት አለ። የምትሠራው ሁድ ውስጥ ነው። ሁድ ከፊቱ ተንሸራታች መስታወት ያለው፣ በውስጡ ያለውን አየር እየሳበ ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ ቁም ሣጥን የመሰለ ነገር ነው። ፈሳሹ ቶሎ እንዳይተን ብላ ብልቃጡን በበረዶ ውሃ አቀዝቅዛዋለች። ባጭሩ፣ በጊዜው የሚባለውን ሁሉ አድርጋለች።

አንድ ሁለት ጠብታ ጓንቷ ላይ ጠብ አለ።

አላቃጠላትም። አላሳከካትም። ዕቃውን አጸዳድታ፣ ጓንቱን አውልቃ፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አምስት ወር ያህል አለፈ። በጃንዋሪ 1997 መራመድ ያስቸግራት ጀመር። ግድግዳ ትጋጫለች። ምላሷ ይተሳሰራል። ደሟ ሲመረመር በአንድ ሊትር ውስጥ 4,000 ማይክሮግራም ሜርኩሪ ተገኘ። ጤነኛ ሰው ላይ የሚጠበቀው ከ1 እስከ 8 ነው። ሐኪሞች ‹‹አሁን መርዝ ሆነ›› የሚሉት 200 ሲደርስ ነው። ሕክምናው ተጀመረ፣ ግን ረፍዶ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሷን አታውቅም ነበር። ጁን 8 ቀን 1997 በ48 ዓመቷ ሞተች።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። የገረመኝ መርዙ አልነበረም፤ መርዝ ይገድላል። የገረመኝ ጓንቱ ነው። አጥልቃው ነበር እኮ!

ጓንት እንዴት ያሳልፋል?

ሳምቡሳ ገዝታችሁ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጣችሁ አስቡት። ትንሽ ቆይቶ ጣታችሁ ዘይት ይሆናል። ወረቀቱ አልተቀደደም፣ ቀዳዳም የለውም። ዘይቱ ወረቀቱን እያራሰ ሰርጎ አልፎ ነው።

ጓንትም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ላቴክስ ጎማ ነው። ውሃና ደምን፣ ከነሱ ጋር የሚመጣውንም ተህዋስ በደንብ ይከለክላል። ሐኪም ቤት የሚወደደው ለዚህ ነው። የዌተርሃን ፈሳሽ ግን ዳይሜቲልሜርኩሪ ይባላል፤ ጠባዩ ከውሃ ይልቅ ከቅባት ጋር ይቀራረባል። ሞለኪውሉ ትንሽ ነው። ጎማው ውስጥ ይሟሟል፣ ከዚያ በሌላው በኩል ይወጣል። ከአደጋው በኋላ ጓንቱ ሲፈተሽ ፈሳሹ አልፎ ለመውጣት 15 ሰከንድ እንኳ እንደማይፈጅበት ታወቀ። ጠብታውን አይታ ጓንቱን ወዲያው ብታወልቅም ከ15 ሰከንድ መቅደም ይከብዳል።

ከጓንቱ በታች ያለው ቆዳችንም ቢሆን ቅባት አለው። ስለዚህ ለዚህ ፈሳሽ ቆዳም ያው ሌላ ወረቀት ነው። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ሜቲልሜርኩሪ ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ አንጎል ለራሱ የሚፈልገውን የምግብ ንጥረ ነገር መስሎ በር አስከፍቶ ይገባል። እዚያ ሥራውን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። ለዚህ ነው ወራት የወሰደው።

ከዚህ የምንረዳው ‹‹ጓንት›› የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ ነው። የትኛው ጓንት፣ ለየትኛው ኬሚካል፣ ለስንት ደቂቃ? አምራቾች የሚያወጡት ሠንጠረዥ አለ። በአንድ በኩል የጓንት ዓይነት፣ በሌላው የኬሚካል ስም፣ መሀል ላይ ደቂቃ። ሰማያዊው የናይትራይል ጓንት ብዙ ዘይት ነክ ነገሮችን ይችላል። አሴቶን ላይ ግን ይረታል፤ ስሱው ዓይነት በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል። አሴቶን ደግሞ የጥፍር ቀለም የምናስለቅቅበት ነው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ለዳይሜቲልሜርኩሪ ዛሬ የሚመከረው ከውስጥ ከተደራረበ ስስ ፕላስቲክ የተሠራ ልዩ ጓንት፣ በላዩ ደግሞ ወፍራምና ረጅም ጓንት ነው።

የሚያናድደው ነገር ዳይሜቲልሜርኩሪ አዲስ ገዳይ አለመሆኑ ነው። በ1860ዎቹ ለንደን ውስጥ ይህን ውህድ ሲሠሩ የነበሩ ሁለት የላቦራቶሪ ሠራተኞች በሱ ሞተዋል። 130 ዓመት የሚታወቅ ገዳይ ነው። ጓንቱም ይታወቃል። ሁለቱን አገናኝቶ ‹‹ይህ ያንን ያስቆመዋል ወይ?›› ብሎ የፈተሸ ግን አልነበረም። ወይም ፈትሾም ከሆነ ወሬው ዳርትማውዝ አልደረሰም።

ዌተርሃን ራሷን ከመሳቷ በፊት የደረሰባት ነገር ለሌሎች እንዲነገር ጠይቃ ነበር። ባልደረቦቿም አደረጉት። እኔና እናንተ የምናውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመሰላሉ ታች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሥራ ደህንነት ባለሙያዎች መከላከያዎችን በመሰላል ደርድረው ነው የሚያስቡት። ከላይ ያለው ጠንካራ ነው፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ይሳሳል።

አናቱ ላይ ያለው አደገኛውን ነገር ጨርሶ ማስወገድ ነው። ካልተቻለ ባነሰ አደገኛ መተካት። ካልተቻለ በመሣሪያ ማጠር፤ ሁዱ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ደንብና ሥልጠና ይመጣል። ጓንቱ፣ መነጽሩ፣ ጋዋኑ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ናቸው። ሌላው ሁሉ ሲያመልጥ የቀረው ማለት ነው።

እንግዳ ከመሰላችሁ ቤታችሁን አስቡ። ዳዴ የሚል ሕፃን አለ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሰል የተቀጣጠለበት ማንደጃ አለ። ልጁ እንዳይቃጠል ወፍራም ካልሲ አናደርግለትም። ማንደጃውን እናወጣለን። ማውጣት ካልቻልን እንጋርዳለን። ይህን ለማወቅ ኮርስ አልወሰድንም። ላቦራቶሪ ስንገባ ግን ይገለበጥብናል፤ መጀመሪያ የምናወራው ስለ ካልሲው ነው።

ለምን ይመስላችኋል? አንደኛ ጓንት ርካሽ ነው። ሁለተኛ ይታያል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ያያል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ቴሌቪዥንም አግዞናል። ሳይንቲስት ሲታይ ምንጊዜም ነጭ ለብሶ ሰማያዊ ውሃ ሲያወዛውዝ ነው። (ያ ሰማያዊ ውሃ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።)

የዌተርሃንን ቀን ከመሰላሉ አናት ጀምረን እንየው። ፈሳሹን የፈለገችው የምታጠናው እሱን ስለሆነ አልነበረም። ኤንኤምአር የሚባል፣ የሐኪም ቤቱ ኤምአርአይ ዘመድ የሆነ መሣሪያ አለ። ሚዛን ልክ መሆኑን በታወቀ ኪሎ እንደምናረጋግጠው፣ ይህንንም መሣሪያ በታወቀ ነገር ማመሳከር ያስፈልጋል። ዳይሜቲልሜርኩሪው ኪሎው ነበር። ለዚህ ሥራ እጅግ ያነሰ መርዝ ያላቸው ሌሎች የሜርኩሪ ጨዎች አሉ። ከሞቷ በኋላ ሳይንቲስቶች ወደነዚያ እንዲዞሩ ተመክሯል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ‹‹ምን ጓንት?›› አልነበረም። ‹‹ይህ ብልቃጥ እዚህ ምን ይሠራል?›› ነበር። ይህ ጥያቄ የሚነሳው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ፣ በወረቀትና እስክሪብቶ፣ ጓንቱ ሳይጠለቅ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ሲጎድል

እንዲህ ስል ጓንትና ጋዋን ዋጋ የላቸውም እያልኩ አይደለም። ተቃራኒውንም እንይ።

ዲሴምበር 29 ቀን 2008፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ግቢው ጭር ብሏል። የ23 ዓመት ረዳት ተመራማሪ ተርት-ቡቲልሊቲየም የሚባል ፈሳሽ በፕላስቲክ ሲሪንጅ እየሳበች ነበር። ይህ ፈሳሽ ክብሪት አይፈልግም። አየር ሲነካው ራሱ ይነዳል። የሲሪንጁ መግፊያ ወጣ። እሳቱ ልብሷን ያዘው። የለበሰችው ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሹራብ ነበር። ጋዋን አልነበራትም። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች።

እዚህ የጎደለው ከመሰላሉ አንድ ደረጃ ብቻ አይደለም። ለብዙ መጠን የማይሆን ዕቃ ተመርጧል። የሥራው አካሄድ አልተሰለጠነበትም። ከሁለት ወር ገደማ በፊት የዩኒቨርሲቲው የራሱ ተቆጣጣሪዎች በዚያ ላቦራቶሪ ጋዋን የማይለብሱ ሠራተኞች እንዳሉ ጽፈው ነበር። ግን ሁሉም ነገር ካመለጠ በኋላ እሳት የሚቋቋም ጋዋን ቢኖር ኖሮ ጥቂት ሰከንዶች ይገዛላት ነበር። ሹራቡ በተቃራኒው ሠራ። ጥጥ ይነዳል፤ ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር በወንጀል ተከሰሰ። አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ አደጋ እንዲህ ያለ ክስ ሲመሠረት የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። በ2014 ክሱ በስምምነት ተቋጨ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ‹‹የእኛስ?›› ብለው መዝገብ ማገላበጥ የጀመሩት ከዚያ ክስ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከሞቷ ይልቅ ክሱ ነው ያስደነገጣቸው የሚመስለኝ።

የማያስለው አየር

ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሳትም መርዝም አይደለም። የምንተነፍሰው አየር ነው።

በብርድ ወራት ‹‹ከሰል ቤት አስገብተው ሲያሞቁ ሞቱ›› የሚል ዜና እንሰማለን። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ላቦራቶሪ ውስጥ የዚህ የአጎት ልጅ አለ፦ ናይትሮጅን። ናይትሮጅን መርዝ አይደለም። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ነው። ችግሩ ሲበዛ ኦክስጅኑን ገፍቶ ማስወጣቱ ነው።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የደም ናሙና፣ ሴል፣ የማይበላሽ እንዲሆን የሚፈለግ ነገር ሁሉ በእሱ ይቀመጣል። አንድ ሊትሩ ሲተን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል። እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ትንሽ ሊፍት ውስጥ 5 ሜትር ኩብ ያህል አየር አለ እንበል። 5 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ቢደፋበት 3.5 ሜትር ኩብ ጋዝ ይሆናል። ሌላ አየር ካልገባ ኦክስጅኑ በክፉው ግምት ከ21 በመቶ ወደ 6 በመቶ ገደማ ሊወርድ ይችላል። በዚያ መጠን ሰው በደቂቃ ውስጥ ይወድቃል።

‹‹ታፈንኩ ብዬ እወጣለሁ›› ትሉ ይሆናል። አትሉም። ትንፋሽ ስንይዝ የሚያስጨንቀን የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ ሰውነታችን ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ናይትሮጅን በሞላበት ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደ ልባችን እናስወጣለን። ስለዚህ አንጨነቅም። አንሳልም። ትንሽ ቅልል ይለናል፣ ከዚያ ጉልበታችን ይከዳል። ሰውነታችን ለዚህ ደወል አልተሠራለትም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ጓደኛ ነው። አንዱ ወድቆ ሲታይ ሌላው ሮጦ ይገባል። እሱም ይወድቃል። የአሜሪካ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ እንደዘገበው ከ1992 እስከ 2002 በዚያ አገር የሥራ ቦታዎች 80 ሰዎች በናይትሮጅን ታፍነው ሞተዋል። ከእነሱ መሀል ሌላውን ለማውጣት የገቡ ነበሩ። ስለዚህ ደንቡ ጨካኝ ይመስላል፦ አትግባ። በሩን ክፈት፣ ሰው ጥራ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው ይግባ።

በሊፍትም ቢሆን ዕቃው ብቻውን ይላካል፤ ሰው በደረጃ ይወጣል። ሌላ ሰው ደግሞ ላይ ቆሞ ይቀበላል። መጀመሪያ ሳየው ሥነ ሥርዓት ነገር መስሎኝ ስቄ ነበር። ሒሳቡን ከሠራሁ በኋላ አልሳቅኩም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር የተሻሻለ ዝርያ ላም ለማግኘት የኮርማ የዘር ፈሳሽ የሚቀመጠው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። አዳቃይ ቴክኒሻኖች ኮንቴነሩን በመኪና፣ በሞተር ሳይክል ይዘው ገጠር ይዞራሉ። በመኪና ከሆነ መስኮት መክፈት ግድ ነው። ክዳኑ ደግሞ ላላ ያለው ተሰብሮ አይደለም። ሆን ተብሎ ነው። የሚተነው ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። ‹‹ይባክናል›› ብሎ ግጥም አድርጎ የደፈነው ሰው ቦምብ ሠራ ማለት ነው። በ2006 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጋዝ መውጫዎቹ በብረት የተደፈኑበት የናይትሮጅን ታንክ ሌሊት ፈንድቶ እንደ ሮኬት ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል። ሌሊት በመሆኑ ሰው አልነበረም።

መርፌና ጽዳት

ከዚህ በላይ ያሉት ስም ያላቸው አደጋዎች ናቸው። በየቀኑ የሚደርሰው ግን ስም የለውም። መርፌ ነው።

ደም የሚቀዳ የላቦራቶሪ ባለሙያ መርፌውን ከተጠቀመ በኋላ በክዳኑ ሊከድነው ይሞክራል። አንድ እጅ መርፌ፣ ሌላው ክዳን። ሲስት ጣቱን ይወጋል። ደሙ ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው ከሆነና ባለሙያው ካልተከተበ፣ ከ100 ውጊያ ከ6 እስከ 30 በሚሆነው ሊተላለፍ ይችላል። ኤች አይ ቪ ከሆነ ከ1,000 ውጊያ 3 ገደማ። አስተውሉ፤ ሁሉም የሚፈራው ሁለተኛውን ነው፣ በብዙ እጥፍ የሚተላለፈው ግን የመጀመሪያው ነው። እሱ ደግሞ ክትባት አለው። ለኤች አይ ቪም ቢሆን በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ የሚጀመርና ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። አፍሮ ዝም ያለ ሰው ግን አያገኘውም።

እዚህም መሰላሉን ተጠቀሙበት። ጓንት መርፌን አያስቆምም። መልሱ ጨርሶ አለመክደን ነው። መርፌው እንዳለ ከአጠገብ ወዳለው ቢጫ ሴፍቲ ቦክስ ይጣላል። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ‹‹ትንሽ ቦታ አለው›› እያሉ መጠቅጠቅ የለም።

ሳጥኑን የሚያነሳው ማነው? የጽዳት ሠራተኛዋ። ስለ ላቦራቶሪ አደጋ ስናወራ ሁልጊዜ ስለ ሳይንቲስቱ ነው የምናወራው። እኔ ግን እላለሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ስለ አደጋው በጣም ትንሽ የተነገራት፣ ብዙውን የምትነካው እሷ ናት። የተሰበረ መስታወት ታነሳለች። የፈሰሰ ነገር ትወለውላለች። ያለቀ መስሏት ጠርሙስ ታጥባለች። ቤት እንደለመደችው በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ብትቀላቅል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። የኬሚካሉ ጠርሙስ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። የላቦራቶሪውን ስም አልጠራም፤ ሁዳቸው ከተበላሸ ቆይቷል፣ ጥገናው ‹‹በሂደት ላይ›› ነው። እሷ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፕላስተር ጥቅልና ወፍራም ማርከር ይዛ ገባች። በየጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን ጻፈች። አንዳንድ ፈሳሾች፣ ለምሳሌ ኤተር፣ ከተከፈቱ በኋላ ሲቆዩ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ይሠራሉና። ከዚያ ጽዳት የምትሠራውን እትዬ ጠርታ አብረው መደርደሪያውን ዞሩ። ‹‹ይኼ ይታጠባል?›› ትላለች እትዬ። ‹‹አይታጠብም።›› ‹‹ይኼስ?›› ‹‹አይነካም።›› እንዲህ እያሉ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እያንዳንዱ ላይ በአማርኛ ተለጠፈ። አንዱ ትልቅ ጠርሙስ ላይ ‹‹እትዬ፣ ይህን እኔ ሳልኖር እንዳይነኩት›› ይላል።

ሰኞ ስትገባ ከሥሩ በእስክሪብቶ ተጽፎ አገኘች፦ ‹‹እሺ። አንቺም ምሳሽን እዚያ ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪ።››